ሁለት ቴሌ፣ አንድ የስልክ ቁጥር
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





እንደሚታወቀው ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሕዝቡ «ቴሌ» ሲል የሚያውቀው አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ነበር። ስሙ ብዙ ጊዜ ተለዋውጦ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመር ለገጠሩ ገና ወሬ ነበር። በብዙ ቀበሌ አርሶ አደሩ አስቀድሞ ያገኘው በጽሕፈት ቤት የሚቀመጠውን ገመድ አልባ ስልክ ነው። መርዶውም የገበያ ዋጋውም በዚያው ይመጣ ነበር።

ገበያው ለሌላ የተከፈተው በቅርቡ ነው። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቋመ። በ2013 ዓ.ም. ለሁለት ፈቃዶች ጨረታ ሲወጣ ዋጋ ያቀረቡት ሁለት ብቻ ነበሩ። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈ። ኤምቲኤን ያቀረበው 600 ሚሊዮን ዶላር ግን አነስተኛ ነው ተብሎ ሳይጸድቅ ቀረ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በድሬዳዋ፣ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ አገልግሎቱን ጀመረ። ከ09 ጎን 07 የሚል ቁጥር የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱ ኔትወርኮች ስለተገናኙ ከ09 ወደ 07፣ ከ07ም ወደ 09 መደወል ይቻላል።

ይሁን እንጂ በአገር ደረጃ ሁለት አቅራቢ አለ ማለት በየቀበሌው ሁለት ምርጫ አለ ማለት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት አስታውቋል። አዲሱ ድርጅት የራሱን ማማ እየተከለ፣ ከነባሩም እየተከራየ በመስፋፋት ላይ ነው፤ የሚቀድመውም ከተማና ዋና መንገድ ነው። ከተማ ወርዶ በማስታወቂያ ተስቦ ሲም የገዛ አባል ቀየው ሲደርስ ቀፎው ዝም ሊለው ይችላል። ስለዚህ የሚበጀው ሲም ከመግዛት በፊት መሞከር ነው። ያ ሲም ያለው ጎረቤት ወይም እንግዳ በግቢው፣ በማሳውና በማኅበሩ መጋዘን ቆሞ ይደውል። ኔትወርክ ለማግኘት ጉብታ መውጣት ካስፈለገ ቅናሽ ጥቅሉ ምን ይረባል? ሁለት ሲም የሚቀበል ቀፎ ያለው ሰው ሁለቱንም ቢይዝ ክፋት የለውም።

ዋናው ጉዳይ ግን የገንዘብ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ሁለቱ የተለያዩ ሂሳቦች ናቸው። ማኅበራት የምርት ዋጋንና የትርፍ ክፍፍልን በስልክ መክፈል ሲጀምሩ በአባላት መዝገብ ላይ የተጻፈው ቁጥር እንደ ባንክ ደብተር ሆነ ማለት ነው። አባሉ ግን ቁጥሩን እንደ ደብተር አልያዘውም።

በገጠር የተለመደውን ማየት ይበቃል። ልጅ ከከተማ ሲም ያመጣል፤ ሲሙ የተመዘገበው በልጁ መታወቂያ ነው፤ እናት ትጠቀምበታለች። ማኅበሩም ያንኑ ቁጥር በእናት ስም ይመዘግባል። ቀፎው ገበያ ውስጥ የጠፋ ዕለት ምትክ ሲም ማውጣት የሚችለው ልጁ ብቻ ነው፤ ልጁ ደግሞ ለሥራ አገር ጥሎ ሄዷል። የእህሉ ገንዘብ ገብቷል፣ እናት ግን አታወጣውም። በባልና በሚስት መካከልም ይኸው አለ። ሁለቱም አባል ሆነው በአንድ የባል ቁጥር ከተመዘገቡ የሚስት ድርሻ በየትኛው በር ይገባል? ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የአባልነት መብት ነው።

ሌላም አለ። ለረጅም ጊዜ ሂሳብ ያልተሞላበት ቁጥር ሊዘጋና ቆይቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። በአዝመራ ጊዜ ብቻ ስልክ የሚከፍት አባል ይህን ልብ ሊለው ይገባል። የሚስጥር ቁጥሩንም ለሱቅ ልጅ ነግሮ «አንተው አውጣልኝ» ማለት የጎተራን ቁልፍ ለመንገደኛ እንደ መስጠት ነው። ማንበብ የማይችል አባል የሚያምነውን የቤተሰብ ሰው ይዞ መምጣቱ ይሻላል። «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» ብሎ የሚደውልም ሌባ ነው፤ ጥሪው ከ09ም መጣ ከ07 ልዩነት የለውም።

የማኅበራት ጸሐፊዎችና ሒሳብ ሠራተኞች ድርሻም ቀላል አይደለም። ቁጥሩን ከአሮጌ ዝርዝር መገልበጥ አያዋጣም። ከሚቀጥለው ክፍያ በፊት አባሉ መታወቂያውን ይዞ ይቅረብ፣ ሲሙ በማን ስም እንደሆነ ይጠየቅ፣ በሌላ ሰው ስም ከሆነ በራሱ ስም እስኪያስወጣ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ይሁን። ከዚያ ጸሐፊው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቁጥሩን ይደውል፤ ስልኩም በአባሉ ኪስ ወይም በአባሏ መቀነት ውስጥ ሲጮኽ ይሰማ።