ያለ ፈቃድ የተገለበጠ መጽሐፍ ስርቆት ነውን?



ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ከጣት የማትበልጥ ፍላሽ ዲስክ ከጠረጴዛዬ ላይ አኖረና «ከአርባ የማያንሱ መጻሕፍት አሉባት፤ ገልብጠህ መልስልኝ» አለኝ። ከነዚህም አንዱ ከማተሚያ ቤት ከወጣ ወር ያልሞላው ነበር። «ይህ ስርቆት አይደለምን?» ብለው፥ «ወንድሜ፥ ከማን ላይ ምን ወሰድሁ? የደራሲው መጽሐፍ እንደ ሆነ ከእጁ አልወጣ!» ሲል መለሰልኝ።

መልሱ የሚናቅ አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ስርቆት የሚለው፥ የሌላውን ሰው ተንቀሳቃሽ ንብረት ወስዶ ባለቤቱን ማሳጣትን ነው። በአሜሪካም የኤልቪስ ፕሬስሊን ዘፈኖች ያለ ፈቃድ በሸክላ እያስቀረጸ የሸጠ ሰው ተከሶ፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ሸክላዎቹ በተከሰሰበት ሕግ «የተሰረቀ ዕቃ» እንደማይባሉ ፈርዷል።

እንግዲህ በቃሉ ረትቶኛል። ነገር ግን በዚያው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410፥ ድርጊቱን ስርቆት ሳይለው፥ መብቱን አውቆ የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ደንግጎ ወጣ። ለተራው ስርቆት ግን የተወሰነው ቅጣት ከ5 ዓመት አይበልጥም። የስርቆትን ስም ያልሰጠው ሕግ ቅጣቱን ከስርቆት አከበደው ማለት ነው። (ይህ ክብደት ዳኛውን ያስጨንቀው እንደ ሆነ እንጂ ፍላሽ ዲስክ የሚቀባበለውን የቢሮ ሠራተኛ ያስፈራው አይመስለኝም።)

ቀድሞ በአገራችን መጽሐፍ መገልበጥ የሚያስመሰግን ሥራ ነበር። ቁም ጸሐፊው ብራናውን አዘጋጅቶ፥ ቀለም በጥብጦ፥ ብርዕ ቀርጾ አንዱን ዳዊት ለመጨረስ ወራት ይፈጅበት ነበርና፥ የሚከፈለውም የእጁ ድካም ዋጋ ነበር። ዛሬ በገልባጩ ዘንድ ድካም የለም። ድካሙ ሁሉ ከደራሲው ዘንድ ቀርቷል፤ እርሱም የሚያገኘው ከሚሸጠው ቅጅ ነው። ማተሚያ ቤቱን ከገዛ ኪሱ የከፈለ ደራሲ መጽሐፉ በሳምንቱ በቴሌግራም ሲዞር ቢያየው፥ «ከእጅህ አልወጣም» ብንለው ምን ይረባዋል? እንደ እኔ አስተያየት፥ የተወሰደበት ዕቃው ሳይሆን ደመወዙ ነው። የእኛ ደመወዝ ሦስት ቀን ቢዘገይ በየኮሪደሩ ምን እንደምንል እናውቃለን።

ከገበያ ለጠፋውና ለማይታተመው መጽሐፍ ፍርዴ ይላላል፤ ከፍላሽ ዲስኩ እንዲህ ያሉ ሁለት መጻሕፍት መገልበጤን አልክድም። አዲሱን ግን ከመደብር ገዝቼ አነበብሁትና ለዚያው ባልደረባዬ አዋስሁት። እስካሁን አልመለሰልኝም።