ብቸኛይቱ ልጃገረድ

ብቸኝነት በተባለ ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ዘመድ አልባው ወይም ስደተኛው ነው። ነገር ግን ሎሌና ገረድ በሞላበት በአባቷ ግቢ የምትኖር ልጃገረድም ከማንም ይልቅ ብቸኛ ልትሆን ትችላለች።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለዳቸው ይህን በሰብለ ወንጌል አሳይተውናል። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ በዘር የሚስተካከላት የለም እያሉ ለጋብቻ የሚጠይቋትን ይመልሳሉ፤ ዕድሜዋ ግን አይመለስም። ሊያስተምራት የመጣውን ድኻውን በዛብህን በወደደች ጊዜም ይህን ለወላጆቿ ልትናገር አልቻለችም። ስለዚህ ፍቅሯ በስውር ኖረ፤ በተገለጠም ጊዜ በዛብህ ሸሸ፤ እርሷም ተከትላ ወጥታ ያገኘችው በሞት አልጋ ላይ ነበር።

ይህን መጽሐፍ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲያነቡት ስንቱ ቤተ ሰብ አብሮ አድምጦ አዝኗል። ነገር ግን ለሰብለ ካዘነው አባት መካከል አጠገቡ የተቀመጠችውን የገዛ ልጁን ዘወር ብሎ ያየ ስንቱ ይሆን?

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ እንዲፈጸም፣ ዕድሜያቸውም ከ18 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ሕግ የማትፈልገውን እንዳትቀበል ይጠብቃታል እንጂ፣ የምትፈልገውን እንድትናገር አንደበቷን ሊፈታላት አይችልም።

በየመሥሪያ ቤታችን ከቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ቤት ብቻ የምትመላለስ ወይዘሪት አለች። «ጨዋ ናት» ብለን እናመሰግናታለን። ዝምታዋ ከጨዋነት ይሁን ወይም ከፍርሃት የመጣ፣ ጠይቀን አናውቅም። መውደድና መወደድን መናፈቅ ፈጣሪ በሰው ልብ ያኖረው ነውና ነውር አይደለም። ነውር ነው ተብላ ያደገች ልጅ ግን ናፍቆቷን እንደ ኃጢአት ትደብቀዋለች፤ ውሎ አድሮም ራሷን ከሰው ትደብቃለች።

እንግዲህ ሴት ልጅ ወይም እኅት ቢኖራችሁ «ለምን አታገቢም?» አትበሏት፤ ይህ ከጥያቄ ይልቅ ክስ ይመስላል። ይልቁንም ስለምታስበውና ስለምትመኘው አጫውቷት። በመጀመሪያው ቀን ምናልባት አቀርቅራ ዝም ትል ይሆናል። ባትቈጡና ባትሥቁባት ግን፣ አንድ ቀን ራሷ ወንበሯን ስባ ትቀመጥና ትነግራችኋለች።