ስማችሁን በሩ ላይ፣ ደብዳቤውን በጊዜው
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ለአዲስ መጪዎች የተደረገ ንግግር)

ወደ ስዊድን በቅርቡ የመጣችሁ እህቶችና ወንድሞች፤

ስለ ብርዱና ስለ ጨለማው ያልነገራችሁ ሰው የለም። ካፖርቱም ተገዝቷል። እኛ ዛሬ የምንናገረው ስለ ደብዳቤ ነው። ምን አላት ደብዳቤ? ትሉ ይሆናል። በዚህ አገር መሥሪያ ቤቱም፣ ሐኪም ቤቱም፣ ገንዘብ የሚፈልግባችሁም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራችሁ በደብዳቤ ነው።

አንደኛ፣ ምዝገባ። የመኖሪያ ፈቃድ አግኝቶ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለመኖር የመጣ ሰው ስካትቬርኬት በተባለው የግብር መሥሪያ ቤት ቀርቦ ይመዘገባል፤ የግል ቁጥርም ይሰጠዋል። ያለዚህ ቁጥር ባንኩም ሌላውም ጉዳይ አስቸጋሪ ነው። ቤት ስትቀይሩ በአንድ ሳምንት ውስጥ አስታውቁ። የምትመዘገቡት በእውነት በምትኖሩበት አድራሻ ብቻ ይሁን። ለዘመድ ውለታ ተብሎ በማይኖሩበት ቤት መመዝገብ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በወንጀል ያስቀጣል።

ሁለተኛ፣ ስም። ፖስተኛው የሚያየው በሩ ላይ ወይም በፖስታ ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። ከእኛው መካከል አንድ ወንድማችን ከዘመድ ቤት ተጠግቶ ሲኖር ስሙ በሩ ላይ አልነበረም። የሐኪም ቀጠሮው ደብዳቤ ተመለሰ፤ ቀጠሮው አለፈ፤ ያልቀረበበትም ሒሳብ ተጠየቀ። ያም ሒሳብ ሳይደርሰው ቀረና እዳው አደገ። ጥፋቱ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አለመለጠፉ ነበር!

ሦስተኛ፣ ያልተከፈለ ሒሳብ። ቀኑ ካለፈ በማስታወሻ 60 ክሮነር፣ በእዳ ሰብሳቢ ደግሞ 180 ክሮነር ሊጨመርበት ይችላል። ከዚያም ነገሩ ክሮኑፎግደን ወደተባለው የእዳ አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። እዚያ ከተፈረደባችሁ ስማችሁ 3 ዓመት በመጥፎ ከፋይነት ተመዝግቦ ይቆያል። ቤት ስትከራዩ፣ የስልክ ውል ስትዋዋሉ ይታያል። ለጥቂት ክሮነር ብሎ ቤት ማጣት ምን ይባላል?

ስለዚህ ደብዳቤ በመጣ ዕለት ይከፈት። ቋንቋው ካልገባችሁ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት፤ ለጎረቤት አሳዩ፤ አያሳፍርም። መክፈል ካቃታችሁ ቀኑ ሳያልፍ ደውላችሁ ጊዜ ጠይቁ። ሒሳቡ የእናንተ ካልሆነ ዝም አትበሉ፤ በተሰጠው ቀን ውስጥ ተቃውሟችሁን በጽሑፍ መልሱ። በየኮሙዩኑ ስለ እዳ በነፃ የሚያማክር ሰው አለ።

አስቸኳይ አደጋ ሲደርስ 112፣ የጤና ምክር ሲያስፈልግ 1177፣ አስቸኳይ ላልሆነ የፖሊስ ጉዳይ 11414 ይደወላል። ጻፏቸው።

ነባር ነዋሪዎችም አደራ አለብን። ዛሬ ማታ ወደ ቤት ስንገባ የአዲሱን ጎረቤታችንን በር እንይ። ስም ከሌለበት አንኳኩተን እንንገረው።