ስለ ሉፐስ በሽታና ስለ ቆዳ ቀለም
(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን በሳይንስ ክበብ አባሎች የተነበበ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርለት በሽታ ስሙ ሉፐስ ይባላል። ቃሉ ላቲን ነው፤ ትርጓሜውም ተኩላ ማለት ነው። ተላላፊ አይደለም። ሰውነታችንን ከጀርም እንዲጠብቅ የተሰጠን የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ በገዛ አካሉ ላይ ሲነሣ የሚመጣ ነው። መገጣጠሚያን፣ ቆዳን፣ ልብንና ሳንባን ይነካል፤ ይልቁንም የሚያስፈራው ኩላሊትን ሲይዝ ነው። ከ10 ሕሙማን 9ኙ ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም የሚያዙት ከ15 እስከ 44 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። እኅቶቻችን ፊተኛውን መቀመጫ ስለያዙ ይህን ቍጥር ድምፃችንን ዝቅ አድርገን አነበብነው።

በሽታው ሁሉን እኩል አያጠቃም። በአሜሪካን አገር፣ በጆርጂያና በሚሺገን ግዛቶች፣ ሕሙማንን በመዝገብ የቈጠሩ ሊቃውንት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ጥቁር ሴቶች ከነጭ ሴቶች ከሁለት እጥፍ በላይ እንደሚያዙ ገልጸዋል። የሚያዙትም በለጋ ዕድሜ ነው፤ ኩላሊታቸውም ቶሎ ይጎዳል።

ይህን ንግግር በክፍላችን ስንለማመድ አንድ ጓደኛችን ብድግ ብሎ፣ «እንግዲያውስ የጥቁር ሰው በሽታ ነዋ! የኛም ነው ማለት ነውን?» ሲል ጠየቀን። መልስ አልነበረንም። አፍረን ተቀመጥን፤ በማግስቱም ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድን። ያገኘነው እነሆ።

በ2010 እ.ኤ.አ. ሊቃውንት አፖል 1 በሚባል ጂን ላይ አንድ ለውጥ አገኙ። ይህ ለውጥ ከእናትም ከአባትም የተወረሰ እንደ ሆነ ኩላሊት ለመድከም ይቀርባል። ሉፐስ ኩላሊታቸውን የያዘባቸው ጥቁር አሜሪካውያንም ይህ ለውጥ ካለባቸው ኩላሊታቸው ፈጽሞ ወደ መድከም ያዘነብላል። ለውጡ የበዛው በምዕራብ አፍሪካ ነው፤ የእንቅልፍ በሽታን ስለሚከላከል ነው ይላሉ። የብዙዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ቅድመ አያቶች ከዚያው በባርነት ስለተወሰዱ ጂኑም አብሯቸው ባሕር ተሻገረ። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ ሌላ ጥናት ግን በትውልድ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ሰዎች ተመርምረው ለውጡ አልተገኘባቸውም። ስለዚህ «ጥቁር» የምትለው ቃል የሌጎስንና የጎንደርን ሰው በአንድ ስም ትጠራለች እንጂ በደማቸው ውስጥ ያለውን አትናገርም። ይህን ስንል ሉፐስ ወደ አገራችን አይደርስም ማለታችን አይደለም፤ የኛም ሐኪሞች ያክሙታል።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን ሒሳቡ ነው። የኩላሊት አቅም የሚታወቀው በደም ውስጥ ያለው ክሬአቲኒን ተለክቶ በቀመር ሲሰላ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካን ቀመር ሕመምተኛው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.18 አባዛ ይል ነበር፤ የ2009ኙ ደግሞ በ1.159። በዚያ አገር ኩላሊት ለመተካት የሚጠብቅ ሰው ወረፋው እንዲቈጠርለት አቅሙ እስከ 20 መውረድ ይገባዋል። እንግዲህ አንዲት ልጃገረድ አቅሟ 18 ነው እንበል። ነጭ ከሆነች ወረፋዋ ይጀምራል። ጥቁር ከሆነች 18 በ1.159 ሲባዛ 21 ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ስለዚህ «ገና ነሽ» ትባላለች። ደሙ ያው፣ ኩላሊቱም ያው! መምህራችን ስሌቱን ሁለት ጊዜ አሠሩን፤ አልተሳሳትንም። ቀመሩ በ2021 እ.ኤ.አ. ዘር በማይጠይቅ ሌላ ቀመር እንዲተካ ተወሰነ፤ በ2023ም ሆስፒታሎቹ በዚህ ምክንያት የጠፋውን የወረፋ ጊዜ ለጥቁር ሕሙማን እንዲመልሱ ታዘዙ። ለሞቱት ግን የሚመለስ ወረፋ የለም።

ድህነትም አለ። በ1994 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ በአላባማ፣ በቴክሳስና በፖርቶ ሪኮ የተካሄደ ረጅም ጥናት ሕሙማኑን ለዓመታት ተከታትሎ ድህነት ራሱ ሞትን እንደሚያቀርብ አሳይቷል። መድኃኒቱን የሚገዛበት ያጣ፣ ከሥራ ቀርቶ ሐኪም ዘንድ መሄድ የማይችል ሰው የቆዳው ቀለም ምንም ቢሆን ይጎዳል።

የመጨረሻው ነገር ስለ ምልክቱ ነው። መጻሕፍቱ ሁሉ በሁለቱ ጉንጮችና በአፍንጫ ላይ የሚወጣ፣ ቢራቢሮ የመሰለ ቀይ ሽፍታ ነው ይላሉ፤ ፎቶግራፉም አብዛኛውን ጊዜ የነጭ ሰው ፊት ነው። በጠይም ፊት ላይ ግን ቀይ ሆኖ አይታይም፤ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል። ቀዩን ብቻ የሚፈልግ ዐይን አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ ከክበባችን አባሎች አንዲቱ በትልቅ ወረቀት ላይ የራሷን ፊት የመሰለ ፊት ሥላ ሽፍታውን በትክክለኛ ቀለሙ አሳይታለች። ሥዕሉ በአዳራሹ በር አጠገብ ተሰቅሏል፤ ስትወጡ ቆም ብላችሁ እንድትመለከቱት እንለምናለን። ቀይ ቀለም አንዲት ጠብታ እንኳ የለበትም።