ወረርሽኝና የዜና ምንጭ



እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1918 ዓለምን የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ «የስፔን» የተባለው ከስፔን ስለ ተነሣ አይደለም። ተዋጊዎቹ መንግሥታት የሕዝባቸው ወኔ እንዳይሰለብ ጋዜጦቻቸውን ሳንሱር ሲያደርጉ፣ በጦርነቱ ገለልተኛ የነበረችው ስፔን የበሽታውን ዜና በግልጽ ስላወጣች ነው። እውነቱን የተናገረ የበሽታውን ስም ተሸከመ፤ እውነቱ የተሸሸገበት ሕዝብ ግን ሳይጠነቀቅ ተያዘ።

ይኸው ደዌ በ1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲመታ ሕዝቡ ባየበት ወር «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰቡ ማጠንም ልማድ ሆኖ ቀረ። ጋዜጣ ያልደረሰበትን ትምህርት ልማድ ተረከበው።

በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ሲገባ ስልክ በደወልን ቁጥር እጃችንን እንድንታጠብ የሚመክር ድምፅ እንሰማ ነበር። «ነጭ ሽንኩርት ያድናል» የሚለው ወሬም የመጣው በዚያው ስልክ ነው። መሣሪያው አንድ ነው፤ አድማጩ የተከተለው ያመነውን ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። በወረርሽኝ ጊዜ ግን እስኪነጋ የምታልፍ ነፍስ አለች። ስለዚህ ያወቅነውን ሳናሳድር፣ ያላወቅነውንም «አላወቅንም» ብለን እንንገር፤ አመኔታ የሚገኘው በዚህ ነው።