ስለ ነፋስ ስልክና ስለ ተራ አስከባሪው ሬዲዮ
በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



 የምናገርበትን ነገር ለማግኘት ሩቅ አልሄድሁም፤ የሰፈራችን ስም ራሱ ሰጠኝ። ነፋስ ስልክ! ይህን ስም በየቀኑ ከታክሲ ረዳቶች አፍ እንሰማዋለን፤ ነገር ግን ቆም ብሎ ትርጉሙን የሚያስብ ጥቂት ነው። አባቶቻችን መልእክትን ያለ ሽቦ የሚያደርሰውን መሣሪያ ባወቁ ጊዜ፣ ሽቦ ከሌለው የሚሸከመው ነፋስ ነው ብለው የነፋስ ስልክ አሉት። በ1928 ዓ.ም. በመስከረም ወር፣ የኢጣልያ ጦር ሊወረን በተቃረበ ጊዜ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዚሁ ከከተማችን በስተ ደቡብ ካለው ከአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ ለውጭ አገር ሕዝብ ንግግር አድርገዋል። እንግዲህ የዚህ ሰፈር ልጅ ስለ ሬዲዮ ቢጠይቅ የሚያስደንቅ አይደለም።

ዛሬ የምናገረው ትራንክድ ሬዲዮ ስለሚባለው አሠራርና በስካነር ሬዲዮ ማዳመጥን ስለሚወዱ ሰዎች ነው። አስቀድሜ ግን ወደዚህ ጥናት ያመጣኝን አንድ ስሕተቴን ልንገራችሁ።

ያለፈው ዓመት በኮምፒዩተር ጎን የሚሰካ፣ የአውራ ጣት ያህል የሆነ ትንሽ መቀበያ አገኘሁ። መጀመሪያ ቴሌቪዥን ለማየት የተሠራ ዕቃ ነው፤ ዛሬ ግን ብዙ ወጣቶች ልዩ ልዩ የሬዲዮ ሞገድ ይሰሙበታል። አንድ ቀን ማታ በዚህ መቀበያ አጎቴ በጥበቃ የሚሠራበትን የአንድ ፋብሪካ ጥበቃዎች ንግግር ሰማሁ። የፋብሪካው ሬዲዮ አንድ መሥመር ብቻ ስለ ነበረው ሁሉም በእርሱ ይነጋገሩ ነበር። በድንገት አንዱ ጥበቃ አንድ ሠራተኛ በማሽን እንደ ተጎዳ መናገር ጀመረ። የሠራተኛውን ስም ጠርቶ «እጁን» እንዳለ፣ ሌላው ጥበቃ ስለ በር መክፈት ሊናገር ቁልፉን ተጫነ። ሁለቱ ድምፆች ተጋጩና ፉጨት ብቻ ቀረ።

ስሙ የተጠራው ሰው ጎረቤታችን ነበረ። እኔም ሳላስብ ወደ ቤቱ ሮጥሁና ለባለቤቱ «እትዬ፣ የባልሽን እጅ ማሽን ቆረጠው» አልኋት። ምስኪኒቱ በደጃፉ ላይ ወደቀች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰውየው ሁለት ጣቱ በፋሻ ታስሮ በእግሩ መጣ። አጎቴም ሲመለስ ጠርቶኝ፣ «አንተ ልጅ፣ የሰማኸው ግማሹን ነው፤ የተናገርኸው ግን ሙሉ አድርገህ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ጥያቄዎች በልቤ ቀሩ። አንደኛው፣ ሰው ሲጎዳ የሚጠራበት ሬዲዮ ስለ ምን እንዲህ ይጋጫል? ሁለተኛው፣ እኔስ ስለ ምን አዳመጥሁ?

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱን በታክሲ ተራ አገኘሁት። አምስት ታክሲዎች አሉ እንበል። አንዱ ለሳሪስ ብቻ፣ አንዱ ለቃሊቲ ብቻ፣ አንዱ ለሜክሲኮ ብቻ፣ እንዲሁ አምስቱም ለየመንገዳቸው ብቻ ቢመደቡ፣ የሳሪስ ሰዎች ሲጋፉ የቃሊቲው ታክሲ ባዶውን ይቆማል። ነገር ግን አንድ ብልህ ተራ አስከባሪ ቆሞ፣ ባዶ የሆነውን ታክሲ ሁሉ ሰው ወደ በዛበት መንገድ ቢያሰማራ፣ በዚያው በአምስቱ ታክሲ ብዙ ሕዝብ ይሄዳል።

ትራንክድ ሬዲዮም እንዲሁ ነው። በቀድሞው አሠራር ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱ መሥመር ይሰጠዋል። በትራንክድ ግን መሥመሮቹ የጋራ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ የመቆጣጠሪያ መሥመር ተብሎ የተራ አስከባሪውን ሥራ ይሠራል። ጥበቃው ቁልፉን ሲጫን ሬዲዮው ድምፁን ወዲያው አይልክም። አስቀድሞ በቁጥር የተጻፈ አጭር ጥያቄ ወደ መቆጣጠሪያው ይልካል፤ ይኸውም «እኔ ቁጥሬ ይህ ነው፤ ከ7ኛው ቡድን ጋር መነጋገር እፈልጋለሁ» እንደ ማለት ነው። በማዕከሉ ያለው ኮምፒዩተር ባዶ መሥመር ይፈልግና «7ኛው ቡድን ወደ 3ኛው መሥመር ይሂድ» ብሎ ያውጃል። የቡድኑ ሬዲዮዎች ሁሉ ይህን ሰምተው በቅጽበት ወደ 3ኛው መሥመር ይዞራሉ። ንግግሩ ሲያልቅ ተመልሰው የመቆጣጠሪያውን መሥመር ያዳምጣሉ። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ቢጫኑ የሚጋጨው አጭሩ ጥያቄ ነው እንጂ ንግግሩ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሬዲዮ ጥቂት ቆይቶ በራሱ እንደ ገና ይጠይቃል። መሥመሮቹ ሁሉ ቢያዙ ጠያቂው ተራ ይጠብቃል፤ የአደጋ ጥሪ ግን ቅድሚያ ሊሰጠው ይችላል።

ይህ አሳብ ከስልክ የመጣ ነው። ኤርላንግ የሚባል የዴንማርክ የሒሳብ ሊቅ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ፣ ለብዙ ደንበኞች ስንት የጋራ መሥመር እንደሚበቃ በሒሳብ መረመረ፤ ታላቁን ቀመሩንም በ1917 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሳተመ። እኔም በዚሁ ቀመር በደብተሬ ላይ ሞከርሁት። አምስት ቡድኖች አሉ፤ የእያንዳንዱ ቡድን ጥሪዎች ቢደመሩ በሰዓት 30 ደቂቃ ይሆናሉ፤ መሥመር ተይዞ ያገኘ ሰው ይተወዋል እንበል። ለየቡድኑ አንድ አንድ መሥመር ብንሰጥ ከ100 ጥሪ 33ቱ መሥመር አያገኙም። አምስቱን መሥመር የጋራ ብናደርግ የማያገኙት 7 ያህል ብቻ ናቸው። ከአምስቱ አንዱን ለመቆጣጠሪያ ሰጥተን በአራት ብንሠራ እንኳ የማያገኙት 15 ያህል ይሆናሉ። ተራ አስከባሪው አንድ መሥመር ቢበላም ትርፉ ይበልጣል ማለት ነው።

በዚህ መሠረት ልዩ ልዩ ደንቦች ወጥተዋል። በአውሮፓ የተወጠነው ቴትራ አንዱን የሞገድ መሥመር በጊዜ ከፋፍሎ ለአራት ንግግር ያካፍለዋል፤ በአሜሪካም ፕሮጀክት 25 የሚባል ደንብ አለ።

አሁን ወደ አድማጩ እንመለስ። ተራ ስካነር ከመሥመር ወደ መሥመር እየዘለለ ድምፅ ባገኘበት ይቆማል። በትራንክድ ፊት ግን ይህ በአንድ ታክሲ በር ቆሞ የሰፈር ወሬ ለመስማት እንደ መሞከር ነው፤ አሁን የሳሪስ ሰው፣ ጥቂት ቆይቶ የቃሊቲ ሰው ይገባበታል፤ ነገሩ ራስና ጅራት የለውም። ስለዚህ ለዚሁ የተሠራው ስካነር የመቆጣጠሪያውን መሥመር ያነብባል፤ ተራ አስከባሪው አንዱን ቡድን ወዴት እንደ ላከው አይቶ ይከተለዋል። ንግግሩ በምሥጢር ቁልፍ የተቆለፈ እንደ ሆነ ግን አድማጩ ቡድኑ መነጋገሩን ቢያውቅም ቃሉን አይሰማም።

ይህም ሁለተኛውን ጥያቄዬን ያመጣል። መከተል መቻል የመስማት መብት ይሰጣልን? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን በ26ኛው አንቀጽ የሰው ደብዳቤ፣ በስልክም ሆነ በሌላ የመገናኛ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት የማይደፈር መሆኑን ይናገራል። ደጁ ክፍት ሁኖ ያገኘነው ቤት ሁሉ የእኛ እንዳልሆነ፣ ያልተቆለፈ ንግግርም ሁሉ ለእኛ የተነገረ አይደለም። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ የጥበቃው ቃል ከፋብሪካው አጥር ወጥቶ ወደ እኔ መጣ፤ ከእኔም አፍ ወጥቶ የአንዲት ሴት ልብ ሰበረ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ይህን የምለው ሬዲዮን እንድትተዉ አይደለም። ለሕዝብ የሚሰራጨውን ከሩቅ አገር የሚመጣ ጣቢያ ማዳመጥ እጅግ ያስደስታል። ከዚህም አልፎ ለሚሻ ሰው፣ በአምስት ኪሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው የአማተር ሬዲዮ ክበብ፣ ኢቲ3ኤኤ በሚባል መጠሪያው በዓለም ሬዲዮኞች ዘንድ የታወቀ ነው። በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ፈቃድ አውጥቶ፣ ስሙን ጠርቶ ይናገራል እንጂ ተደብቆ አይሰማም።

እኔም ትምህርቴን ፈጽሜ መሐንዲስ ለመሆን አስባለሁ። የአጎቴ ፋብሪካና እርሱን የመሰሉ ሁሉ፣ የተጎዳ ሰው ሲጠራ ድምፁ በፉጨት የማይዋጥበት ሬዲዮ እንዲኖራቸው ለመሥራት እመኛለሁ። ጎረቤታችንን ይቅርታ ጠይቄአታለሁ፤ እርስዋም ይቅር ብላኛለች። ዛሬ ከወላጆች መካከል ተቀምጣ ትሰማኛለች። በዚህ ጊዜ ግን ሙሉውን ተናግሬአለሁ።