ከጥቁር ባሕር እስከ ሰኔ ማሳ

ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በነሐሴ 2022 መጨረሻ ብሬቭ ኮማንደር የተባለች መርከብ 23,000 ቶን የዩክሬን ስንዴ ጭና ጅቡቲ ደረሰች። ስንዴው ለኢትዮጵያ በእርዳታ የተላከ ነበር። ስለዚያች መርከብ ብዙ ተወራ። ስለ ማዳበሪያ የጭነት መርከቦች ግን ያን ያህል የተናገረ አልነበረም፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

በዚያው ዓመት መጋቢት የዓለም የምግብ ዋጋ መለኪያ በጊዜው ታይቶ የማያውቅ ከፍታ ላይ ደርሶ ነበር። ኢንዶኔዥያ የፓልም ዘይቷን፣ ሕንድ ስንዴዋን ከአገር እንዳይወጣ ከለከሉ። ሁለቱም ለሕዝባቸው ብለው ነው፤ ዳፋው ግን ከውጭ ገዝቶ በሚበላ ደኻ ላይ ወደቀ።

የራሱን ጤፍ የሚበላ የጎጃም ገበሬስ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ማዳበሪያ አገናኘው። ዩሪያ በአብዛኛው የሚመረተው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። በ2021 ጋዝ ሲወደድ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ምርት ቀነሱ፤ ቻይና ወደ ውጭ የምትልከውን ገደበች፤ ቀጥሎ ከዋነኞቹ ላኪዎች አንዷ ሩሲያ በዩክሬን ላይ ጦርነት ከፈተች። ኢትዮጵያ ደግሞ ማዳበሪያዋን የምትገዛው ከውጭ፣ በዶላር ነበር። ሁለት ኩንታል ይገዛ የነበረ ገበሬ ዋጋው ሲያይልበት በአንዱ ይወሰናል። ጉድለቱ በሰኔ አይታወቅም፤ የሚታወቀው በታኅሣሥ፣ አውድማ ላይ ነው። የዋጋ ንረት ዘንድሮ ጓዳ ይገባል፤ ለከርሞ ጎተራ ይገባል።

የዓለም ዋጋ ኋላ ወርዶ ነበር። ይሁንና በሐምሌ 2024 የምንዛሪው ተመን ለገበያ ሲለቀቅ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ። በዶላር የረከሰው ዕቃ በብር ተወደደ።

የመግዛት አቅም ሲዳከም ምን እንደሚከተል ቀድሞም ታይቷል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን የ1973ቱን የወሎ ረሃብ ሲመረምር፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም አለመናሩን አስተውሏል። የጠፋው ሰብሉ የወደመበት ገበሬና ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር የሚገዙበት አቅም ነበር። ስለዚህ የጎተራ ክምችት መቁጠር ብቻውን አይበቃም፤ የገበሬው ኪስ ምን ይገዛል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በዚህ አዳራሽ በጀት የምትመድቡ አላችሁ። የምለምናችሁ ሦስት ነገር ነው፦ የማዳበሪያውን ግዥ ቀድማችሁ ጨርሱ፣ ድኻው ገበሬ በብድር የሚያገኝበትን መንገድ ክፈቱ፣ ግንቦት ሳይወጣም ቀበሌው ድረስ አድርሱለት።